የመመረቂያ ጥናትን ወደ ኮንፈረንስ ፖስተር ስለ መቀየር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ሲሆን፣ በአንድ የገጠር ወረዳ እናቶች በቤት ውስጥ የሚወልዱባቸውን ምክንያቶች ያጠኑበት የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ዘጠና ገጽ ይጠጋል። ለአንድ ዓለም አቀፍ ኮንፈረንስ የላኩት አብስትራክት በፖስተር እንዲቀርብ ተቀባይነት አግኝቷል፤ አዘጋጆቹም ፖስተሩ ኤ ዜሮ መጠን ያለውና በቁመቱ የሚሰቀል እንዲሆን አስታውቀዋል። ማወቅ የፈለጉት ከዘጠናው ገጽ የትኛው እንደሚቀር፣ ፖስተሩ አዲስ አበባ ይታተም ወይስ እዚያው ከደረሱ በኋላ፣ እንዲሁም ከፖስተሩ ጎን ቆመው ምን እንደሚናገሩ ነው። በመጨረሻም “ለመድረክ ብቁ አይደለም ብለው ይሆን ወደ ፖስተር የገፉት?” የሚል ስጋት አላቸው።

ከስጋቱ ልጀምር። አንድ ጥናት በቃል ወይም በፖስተር እንዲቀርብ የሚመደበው በጥራቱ ብቻ አይደለም። የመድረኩ ሰዓት የተቆጠረ በመሆኑ፣ አዘጋጆች በርዕስ የሚቀራረቡ ጥቂት ጥናቶችን በየክፍለ ጊዜው ካሰባሰቡ በኋላ የቀሩትን፣ ጥሩ ጥሩዎቹን ጨምሮ፣ ወደ ፖስተር ይመድባሉ። በቃል የሚያቀርብ ሰው አሥር ደቂቃ ያህል ተናግሮ፣ አንድ ሁለት ጥያቄ መልሶ ይወርዳል። ፖስተር ያቀረበ ሰው ግን አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆሞ በራሱ ዘርፍ የሚሠሩ ሰዎችን አንድ በአንድ ያነጋግራል። ገና ሥራውን ለሚጀምር ተመራማሪ ይህ ከመድረኩ የሚያንስ ዕድል አይመስለኝም፤ የዶክትሬት አማካሪም ሆነ የጋራ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ባለው ጭውውት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንገባ፣ “የትኛው ይቀር?” ብሎ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ መግቢያውን በሁለት አንቀጽ፣ ዘዴውን በሦስት፣ ሠንጠረዦቹን ደግሞ ፊደላቸውን አሳንሶ አንድ ወረቀት ላይ ያጭቃቸዋል፤ የሚወጣውም ማንም ቆሞ የማያነበው ታናሽ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ከባዶ ገጽ ተነሡ እላለሁ። ፓወርፖይንትን ከመክፈትዎ በፊት ያገኙትን ዋና ውጤት ከነቁጥሩ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ፖስተሩ ላይ ሊያኖሩት ያሰቡትን እያንዳንዱን ነገር፣ ሥዕልም ሆነ አንቀጽ ወይም አርማ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ያስረዳል ወይ፣ ያረጋግጣል ወይ፣ ወይስ እስከ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ያሳያል ወይ ብለው ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱን የማያደርግ ነገር፣ ምንም ያህል የለፉበት ቢሆን፣ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ይቀመጥ። በዚህ መንገድ የተሠራ ፖስተር በጠቅላላው ከ400 እስከ 600 ቃል ቢይዝ ይበቃዋል።

ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ከሚመስለው ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የአገራችን የሕብረተሰብ ጤና ጥናቶች ርዕስ አንድ ቅርጽ ይዞ ቀርቷል፤ “በእገሌ ወረዳ በቤት ውስጥ የመውለድ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፦ ማኅበረሰብ ተኮር ክሮስ ሴክሽናል ጥናት” እንላለን። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ርዕስ ነውር የለበትም፤ ጉዳዩን፣ ቦታውንና የጥናቱን ዓይነት ይናገራል። ዳሩ ግን ይህንኑ ቅርጽ የያዙ ፖስተሮች በአንድ መተላለፊያ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ፣ ለመገምገም የሚዞር ሰው የሚያየው ልዩነት የወረዳውን ስም ብቻ ነው። በፕሮግራሙ መጽሐፍ ላይ የተመዘገበውን ርዕስ መቀየር ላይፈቀድልዎ ይችላል፤ እርሱን በመካከለኛ ፊደል ከላይ ያስቀምጡና ከሥሩ፣ ከርሱ በሚበልጥ ፊደል፣ ውጤቱን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

የእርስዎን ቁጥሮች ስላላየሁ ነገሩን በአገር አቀፍ ቁጥር ላሳይ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በየዙሩ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት ምን ያህሉ በጤና ተቋም እንደተወለዱ ይመዘግባል። ድርሻው እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2005 ዙሮች 5 በመቶ፣ በ2011 10 በመቶ፣ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ነበር። በዚህ መረጃ የተሠራ ፖስተር “በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የመውለድ አዝማሚያ” የሚል ርዕስ ቢይዝ አላፊው ምንም ሳይማር ያልፋል። “በ2011 ከአሥር ሕፃናት አንዱ በጤና ተቋም ይወለድ ነበር፤ በ2019 ወደ ግማሽ ተጠግቷል” ቢል ግን አላፊው ባይቆም እንኳ ውጤቱን ይዞ ሄዷል፤ ከቆመ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄው “ለምን?” የሚል ይሆናል፤ እርስዎም የሚፈልጉት ያንን ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክ ሞሪሰን የተባለ፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ የነበረ ሰው በቪዲዮ ያቀረበው የፖስተር ቅርጽ በፍጥነት ተስፋፍቷል። የፖስተሩን ሰፊ መሐል ለአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይለቃል፣ ዝርዝሩን በግራና በቀኝ በጠባብ ዓምዶች ያስቀምጣል፣ የቀረውን በኪውአር ኮድ ያገናኛል። ሐሳቡን ይውሰዱ፤ ቅርጹን ግን እንዳለ አይቅዱ። በኤፒዲሚዮሎጂ ሰዎች መካከል ቆመው ግራፍና የናሙና መጠን የማይታይበት ግዙፍ ዓረፍተ ነገር ቢያሳዩ፣ የሚመጡት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ያልታየውን ነው። ለዓረፍተ ነገሩ የላይኛውን ሩብ ይስጡት፤ ከሥሩ ያለውን ምርጥ ቦታ ለአንድ ትልቅ ግራፍ ይተዉለት።

ምርጥ ቦታ ያልሁት የዓይን ትይዩ ያለውን ነው። ኤ ዜሮ 84.1 ሴንቲሜትር ወርድና 118.9 ሴንቲሜትር ቁመት አለው። በቁመቱ ሲሰቀል የላይኛው ግማሽ ከፊትና ከደረት ትይዩ ሲውል፣ የታችኛው ጫፍ እንደ ሰሌዳው ሁኔታ እስከ ጉልበት ሊወርድ ይችላል። በልማድ ግን መግቢያው ከላይ በስተግራ፣ መደምደሚያው ከታች በስተቀኝ ይደረጋል፤ ይህም ማለት ሁሉም የሚያውቀው “የእናቶች ሞት በታዳጊ አገሮች ከፍተኛ ነው” የሚለው አንቀጽ ከዓይን ትይዩ ሲሰቀል፣ ማንም የማያውቀው የእርስዎ ግኝት ጎንበስ ብለው ካልሆነ የማይነበብበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ማጠቃለያውን ወደ ላይ ያውጡት። መግቢያው ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ዋቢ ጽሑፎች፣ ምስጋና፣ የገንዘብ ድጋፍና የሥነ ምግባር ፈቃድ ቁጥሩ ከታች፣ በትንሽ ፊደል ይቀመጡ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ጎንበስ ብሎ ያያቸዋል።

ግራፉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የፖስተር ዕጣ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው እዚያ ነው። ከላይ የጠቀስኋቸውን አምስት ቁጥሮች ኤክሴል ላይ አስገብተው የተለመደውን ባር ቢያወጡ፣ አምስቱ ባሮች እኩል ተራርቀው ይቆማሉ። በዙሮቹ መካከል ያለው ጊዜ ግን አምስት፣ ስድስት፣ አምስትና ሦስት ዓመት ነው። ከ2011 እስከ 2016 የ16 ነጥብ ጭማሪ፣ ከ2016 እስከ 2019 ደግሞ የ22 ነጥብ ጭማሪ አለ፤ እኩል በተራራቁ ባሮች ላይ ሁለተኛው ጭማሪ ከመጀመሪያው ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይመስላል። በዓመት ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 3 ነጥብ ግድም፣ ሁለተኛው ከ7 ነጥብ በላይ ስለሆነ ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዓመቶቹን እንደ ትክክለኛ ርቀታቸው አስቀምጠው በመስመር ቢያሳዩት ዓይን ያለ ማብራሪያ ያየዋል። ከዚህ ሌላ ባር ሲጠቀሙ መነሻውን ከዜሮ ያድርጉ፣ ሦስት ገጽታ ያለውን ጌጠኛ ባር ይተዉት፣ ቁጥሩን በራሱ በባሩ ላይ ይጻፉ፤ ያን ጊዜ የጎኑ መለኪያም ሆነ የጀርባው ፍርግርግ መስመር አያስፈልግም። የቀለም ማብራሪያ ሣጥን ከግራፉ ጎን ከማኖር ይልቅ ስሙን በራሱ በመስመሩ ጫፍ ላይ መጻፍ አንባቢውን ከማመላለስ ያድነዋል።

በመመረቂያ ጽሑፍዎ ውስጥ ምናልባት ሁለት ገጽ የሚሞላ የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠንጠረዥ ይኖራል፤ በአንድ ወገን ያልተስተካከለው ኦድስ ሬሾ (የሁለት ቡድኖችን ዕድል የሚያነጻጽር ቁጥር)፣ በሌላው የሌሎች ምክንያቶች ተጽዕኖ ታስቦ የተስተካከለው፣ ከጎናቸው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (ግምቱ የሚዋልልበት ወሰን)፣ ከዚያም ኮከብ ምልክቶች። ይህ ሠንጠረዥ ለፖስተር አይሆንም። የተስተካከለውን ብቻ ወስደው በፎረስት ፕሎት ይሣሉት፤ እያንዳንዱ ምክንያት አንድ መስመር፣ ነጥቡ ግምቱን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጋው ጭረት የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ያሳያል፣ መሐል ላይ በ1 የቆመ ቀጥ ያለ መስመር ይኖራል። መለኪያውን ሎጋሪዝማዊ ማድረግ አይዘንጉ፤ 0.5 እና 2 ከ1 እኩል መራቅ አለባቸው፤ በተራው መለኪያ ግን የሚጎዳው ነገር ከሚረዳው ሁልጊዜ የገዘፈ ይመስላል።

እዚህ ላይ ገምጋሚዎች ደጋግመው የሚይዙት ስሕተት አለ። ብዙ ፖስተሮች ኦድስ ሬሾው 2.67 ከሆነ “ያልተማሩ እናቶች በቤት የመውለድ ዕድላቸው 2.67 እጥፍ ነው” ብለው ይጽፋሉ። በስሌት እንየው። ካልተማሩት 100 እናቶች 80ዎቹ፣ ከተማሩት 100 እናቶች 60ዎቹ በቤት ወለዱ እንበል። ኦድስ ማለት በቤት የወለዱት በቤት ላልወለዱት ሲካፈል ነው፤ የመጀመሪያው ኦድስ 80 ለ20 ማለትም 4 ነው፤ የሁለተኛው 60 ለ40 ማለትም 1.5 ነው፤ ሬሾው በትክክል 2.67 ይመጣል። የድርሻቸው ንጽጽር ግን 80 ለ60፣ ማለትም 1.33 እጥፍ ብቻ ነው። የሚጠናው ክስተት ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ በገጠር ወረዳ በቤት መውለድ ብርቅ ስላልሆነ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ስለዚህ በትልቁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኦድስ ሬሾ አያስገቡ፤ “ካልተማሩት 100 እናቶች ይህን ያህሉ፣ ከተማሩት ይህን ያህሉ” ይበሉ። ኦድስ ሬሾው በፎረስት ፕሎቱ ላይ በስሙ ይጠራ። ለማንበብም ይቀላል፣ ለትችትም አይጋለጥም።

ከኛ አገር ለሚሄዱ ፖስተሮች ብቻ የሚያጋጥሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። መረጃው የተሰበሰበው “ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2014” ከሆነ እና ዘመኑን ሳይለውጡ ወሩን ብቻ ቢተረጉሙት፣ የውጭ አገር አንባቢ ጥናቱን ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተደረገ አድርጎ ይወስደዋል፤ ከማርች እስከ ጁን 2022 ተብሎ መጻፍ አለበት። ወረዳና ቀበሌ ምን ያህል ሕዝብ የሚይዙ የአስተዳደር እርከኖች እንደሆኑ በአንድ ሐረግ ይግለጹ። የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የሚታየው ከአገር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ በቀስት የሚወርደው ባለ አራት ካርታ ሥዕል ሰፊ ቦታ ይበላል፤ ወረዳው የተቀለመበት አንድ ትንሽ የአገር ካርታ በቂ ነው። ጥናቱ የተደረገው በቀድሞው የደቡብ ክልል ከሆነ ደግሞ ካርታውና ስሙ መረጃው ከተሰበሰበበት ጊዜ ጋር መስማማታቸውን ያረጋግጡ፤ ሲዳማ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2023 ክልል ሆነዋል። የስምዎ አጻጻፍም በፖስተሩ፣ በፕሮግራሙና በፓስፖርትዎ ላይ አንድ ይሁን፤ የመመዝገቢያ ቅጾች “የቤተሰብ ስም” በሚሉት ቦታ የአባትን ስም አንዱ ጊዜ፣ የአያትን ሌላ ጊዜ መሙላት በቪዛ ደብዳቤ ላይ ጭምር ጣጣ ያመጣል።

ፎቶ ማስገባት ከፈለጉ የእናቶችና የሕፃናት ፊት የሚለይበትን ምስል ያለ ግልጽ ፈቃድ አይጠቀሙ። ለቃለ መጠይቅ የተሰጠ ስምምነት ፎቶን በውጭ አገር አዳራሽ ለመስቀል የተሰጠ ስምምነት አይደለም።

ስለ ፊደልና ቀለም ብዙ ማለት አያስፈልግም። በኤ ዜሮ ላይ ዋናው ዓረፍተ ነገር ከ80 በላይ፣ ንዑስ ርዕሶች ወደ 48፣ መደበኛው ጽሑፍ ከ28 ያላነሰ የፊደል መጠን ይኑራቸው። ለማረጋገጥ ፖስተሩን በኤ4 ወረቀት ያትሙት፤ የኤ4 ወርድ የኤ ዜሮ ሩብ ስለሆነ 28 የነበረው ፊደል 7 ሆኖ ይወጣል። ያንን ኤ4 ወረቀት በእጅዎ ይዘው ያለ ችግር ካነበቡ፣ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሚያይ ሰውም ያነበዋል። ጀርባው ነጭ ወይም በጣም ፈዛዛ ይሁን። ቀይና አረንጓዴን ለማነጻጸሪያ አብረው አይጠቀሙ፤ ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑ ወንዶች ከ12 አንዱ ያህል ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል፤ ሰማያዊና ብርቱካናማ ይሻላሉ። አርማን በተመለከተ፣ የዩኒቨርሲቲውና የገንዘብ ሰጪው በቂ ናቸው። የኮሌጁ፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የሆስፒታሉና የጤና ቢሮው አርማ ሲደረደሩ የፖስተሩ ራስ የስፖንሰር ባነር ይመስላል።

የእናቶቹን ቃል በአማርኛ ለማስፈር ካሰቡ፣ ማለትም አንዷ እናት የተናገረችውን ከነትርጉሙ ማስቀመጥ ከፈለጉ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ፊደሉን አይቶ ይቆማል። ጽሑፉ ግን በዩኒኮድ የተጻፈ ይሁን፤ በኒያላ፣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት የማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ሲከፈት ወደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይለወጣል፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ አማርኛ አንባቢ ካልሆነ ደግሞ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ማንም አያስተውለውም።

አሁን ወደ ኅትመቱ። የፓወርፖይንት ገጽ መጠን ሥራውን ሲጀምሩ 84.1 በ118.9 ሴንቲሜትር ይሁን፤ በመደበኛው ስላይድ ሠርቶ በመጨረሻ መለጠጥ ሁሉንም ያዛባል። ምስሎች በሚታተሙበት መጠን ቢያንስ በኢንች 150 ነጥብ ይኑራቸው፤ 25 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ሥዕል ወደ 1500 ፒክሰል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) መስኮት ላይ በስክሪንሾት የተነሣ ግራፍና ከድረ ገጽ የተቀዳ አርማ ይህን አያሟሉም። በዙሪያው የ2 ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ጠርዝ ይተዉ። ለማተሚያ ቤት የሚሰጡት ፋይል ፎንቶቹን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ ይሁን እንጂ ፓወርፖይንቱን በፍላሽ ይዞ መሄድ አያዋጣም።

አዲስ አበባ ይታተም ነው የምለው። ስሕተት ቢገኝ ለማረምና እንደገና ለማሳተም ጊዜ ይኖርዎታል፤ በማያውቁት ከተማ፣ ከበረራ ድካም ጋር፣ ማተሚያ ቤት ፍለጋ መዞርም ይቀርልዎታል። ብዙዎቹ ማተሚያ ቤቶች በቅድሚያ የሚያቀርቡልዎ ባነር ነው፤ ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፣ ሲታጠፍ መሥመር ይይዛል፣ በአዳራሽ መብራት ያንጸባርቃል፣ የሰሌዳው ፒንም አልይዘው ሊል ይችላል። የጠርዙን ቀለበት ማሰሪያ በኮንፈረንስ ሰሌዳ ላይ የሚያያይዙበት ቦታ አይኖርም። ወፈር ያለ የማያንጸባርቅ ወረቀት በቱቦ ተጠቅልሎ ቢሄድ ይመረጣል፤ ጨርቅ ላይ የሚያትም ካገኙ ደግሞ እርሱን ይያዙ፤ ተጣጥፎ በእጅ ሻንጣ ይገባልና። ቱቦ ከያዙ ወደ አውሮፕላኑ ይዘውት መግባት እንደሚፈቀድልዎ አስቀድመው አየር መንገዱን ይጠይቁ። ያም ሆነ ይህ ፒዲኤፉን በኢሜይልዎም በስልክዎም ያስቀምጡ። ከሙሉው ኅትመት በፊት በኤ3 የቀለም ናሙና ያስወጡ፤ በኮምፒውተር ላይ ደማቅ ሰማያዊ የነበረ ቀለም በወረቀት ላይ ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ ይችላል።

ኪውአር ኮድ የሚያስገቡ ከሆነ ከአንድ ሜትር ርቀት እንዲነበብ ወርዱ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይሁን። የሚያመላክተው ፋይል በጉግል ድራይቭ ከሆነ ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው እንዲከፍተው መፈቀዱን ከራስዎ ውጭ በሆነ ስልክ ይሞክሩት። “ፈቃድ ይጠይቁ” የሚል ገጽ የሚከፍት ኮድ ከሌለ ይቆጠራል።

ከፖስተሩ ጎን ሲቆሙ ከሰው ፊት አይቁሙ፤ ወደ ጎን ብለው፣ ግራፉ እንዲታይ አድርገው ይቁሙ። በአስተዳደጋችን ታላቅ ሰው ሲመጣ ዝም ብሎ ቆሞ እስኪጠየቁ መጠበቅ ጨዋነት ነው፤ ለፖስተር ሰዓት ግን ይህ ይሉኝታ አይሆንም። አንድ ሰው አምስት ሰከንድ ያህል ቆሞ ካየ ሰላምታ ይስጡትና በምን ዘርፍ እንደሚሠራ ይጠይቁት። የአዋላጅነት ባለሙያ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያው ሁኔታ፣ የስታቲስቲክስ ሰው ከሆነ ወደ ሞዴሉ ይወስዱታል። የሁለት ደቂቃ ንግግር ያዘጋጁ፤ ያገኙትን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እንዴት እንዳወቁት በሁለት፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚጠቅም በአንድ፣ ከዚያ ዝም ይበሉ። ፖስተሩን አያንብቡለት፤ እርሱም ያነባል። ከአማካሪዎ ፊት ሳይሆን ዘርፉን ከማያውቅ ጓደኛዎ ፊት ይለማመዱት።

ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ የናሙናው መጠን ነው። በ50 በመቶ ግምትና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን 384፣ ዲዛይን ኢፌክቱ (ናሙናው በቀበሌ በቀበሌ ተሰባስቦ ስለሚመረጥ መጠኑ የሚባዛበት ቁጥር) 2 ሲሆን 768፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 845 የሚመጣበትን ስሌት የኛን አገር ጥናቶች የሚያነብ ገምጋሚ በቃሉ ያውቀዋል፤ የእርስዎም ቁጥር 845 ከሆነ “ዲዛይን ኢፌክቱን ለምን 2 አደረጋችሁት?” ማለቱ አይቀርም። “የተለመደ ስለሆነ” የሚለው መልስ አያስኬድም። የናሙና አመራረጥዎ ስንት ቀበሌ፣ በየቀበሌው ስንት ቤት እንደነበረ ይዘው ይቅረቡ፤ ከተሰበሰበው መረጃ ትክክለኛውን ዲዛይን ኢፌክት አስልተው ከያዙ ደግሞ በእጅጉ የተሻለ ነው።

ሌላው፣ የበለጠ የሚከብደው፣ የምክንያትና ውጤት ጥያቄ ነው። የእርግዝና ክትትል ያደረጉ እናቶች በጤና ተቋም የመውለድ ድርሻቸው ከፍ ብሎ አግኝተው ከሆነ፣ አንድ ሰው መጥቶ “ክትትሉ ነው ወደ ጤና ተቋም ያመጣቸው ወይስ ቀድሞም ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚችሉት ናቸው ክትትሉን ያደረጉት?” ይልዎታል። መንገድ አቅራቢያ መኖር፣ የባል ፈቃድ፣ የቤተሰብ ገቢ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ከእነዚህ የትኞቹን በሞዴሉ ውስጥ እንዳስገቡና የትኞቹን እንዳልለኩ በግልጽ ይናገሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚለካ ክሮስ ሴክሽናል ጥናት የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ ፖስተሩ ላይ “አስከተለ” ወይም “ቀነሰ” ከሚሉ ግሦች ይልቅ “ተያይዞ ታየ” የሚለውን ይጠቀሙ። ለጠያቂውም “ይህን ከዚህ ጥናት ማወቅ አይቻልም፤ ለማወቅ እናቶቹን ከእርግዝናቸው መጀመሪያ ጀምሮ መከታተል ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ መረጃ አለዎት?” ብለው ይመልሱለት። አለኝ ካለ ስሙንና አድራሻውን፣ የተነጋገራችሁትንም ነገር፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ ወዲያው ማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ያስፍሩት።